ለሕፃናት የሙዝ ቂጣ፤ ልጃቸው 6 ወር ለሚሞላው ባልና ሚስት



ልጅ ታቅፈው ወደ ክሊኒካችን ከሚመጡ እናቶች አዘውትሮ የሚቀርብልን ጥያቄ «ልጄ 6 ወር ሊሞላው ነው፤ ምን ልጀምርለት?» የሚል ነው። ከዚሁ ጋር አብሮ መነሣት የሚገባው፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚቀር ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም ሕፃኑ ምግብ ከጀመረ በኋላ ጡት ማጥባት እርግዝናን መከላከሉን ይቀጥላል ወይ የሚለው ነው። ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ቤት በአንድ ሰሞን የሚገጥሙ ስለሆኑ እዚህም አብረን እናያቸዋለን። አስቀድመን ግን ወደ ማድ ቤት እንግባ።

ለምን በ6 ወር?

እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ ለሕፃኑ ይበቃዋል። ውኃ እንኳ ቢሆን አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ግን የሕፃኑ አካል የሚጠይቀውና ጡት የሚሰጠው እኩል አይሆኑም። በተለይ ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የመጣው ክምችት በዚህ ዕድሜ እያለቀ ይሄዳል፤ በጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ጥቂት ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ ከጡት ሌላ ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ዕድሜ በቀን ወደ 200 ካሎሪ፣ ከ9 እስከ 11 ወር ወደ 300፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ደግሞ ወደ 550 ካሎሪ ከምግብ ማግኘት ይኖርበታል።

አያት «በ4 ወሩ ይጀመርለት እንጂ!» ቢሉ አትቆጧቸው። በእርሳቸው ዘመን በየጤና ጣቢያው ይሰጥ የነበረው ምክር ከ4 እስከ 6 ወር የሚል ነበር። የዓለም ጤና ጉባኤ 6 ወር ሙሉ ጡት ብቻ ይሰጥ ያለው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ይህን በአክብሮት ማስረዳት የባልየው ድርሻ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ምራት ስትናገረውና ልጅ ሲናገረው አንድ አይደለም።

በከተማ በብዙ ቤት ልጅ ምግብ የሚጀምረው በቀጭን አጥሚት ነው፤ ያውም በጡጦ። የ6 ወር ሕፃን ሆድ ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከአንድ መካከለኛ ኩባያ አይበልጥም። ያ ትንሽ ሆድ በቀጭን አጥሚት ሲሞላ ሕፃኑ ይጠግባል፣ ይተኛል፤ አብዛኛው የጠጣው ግን ውኃ ነው። በወሩ ሚዛን ላይ ስናወጣው ኪሎው ባለበት ቆሞ እናገኘዋለን። በመሆኑም የሕፃን ምግብ በማንኪያ ተጨልፎ ማንኪያው ሲዘነበል ወርዶ የማይፈስ መሆን አለበት። ጡጦውን ደግሞ እንዳትገዙት፤ የገዛችሁም ብትተዉት ይሻላል። ጫፉንና አንገቱን አጥርቶ ማጠብ አስቸጋሪ ስለሆነ የተቅማጥ መንገድ ነው።

ወፈር ያለና ገንቢ ምግብ ካልን፣ በከተማ ቤት ውስጥ በሚገኝ ነገር ቶሎ ከሚሠሩት አንዱ ፓንኬክ የሚባለው ለስላሳ ቂጣ ነው። የበሰለ ሙዝ ጣፋጭ ስለሆነ ስኳር አይጠይቅም። እንቁላሉ ሥጋን የሚገነባውን ፕሮቲን ይሰጣል። ከዚህም ሌላ ሕፃኑ በእጁ ይዞ ሊበላው የሚችል ምግብ ነው።

ወደ ቂጣው ከመድረሳችሁ በፊት

ቂጣው የልጃችሁ የመጀመሪያ ጉርሻ አይሁን። በውስጡ ሙዝ፣ እህልና እንቁላል አሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ለሕፃኑ ባይስማማው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ አስቀድማችሁ የተፈጨ ሙዝ ብቻውን፣ ሁለትና ሦስት ቀን ቆይታችሁ ወፈር ያለ ገንፎ፣ ከዚያም አጥብቆ የተቀቀለ እንቁላል በጥቂቱ አስለምዱት። እንቁላልን የመሰለ አዲስ ነገር የሚጀመረው በጠዋት ነው፤ ችግር ቢመጣ ቀን ክሊኒክ ክፍት ነው። ከበላ በኋላ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ቢወጣ፣ ከንፈሩ ወይም ፊቱ ቢያብጥ ወይም ደጋግሞ ቢያስመልሰው ያንን ምግብ አቁማችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። መተንፈስ ካስቸገረው ደግሞ ለደቂቃም አትዘግዩ።

«እንቁላል ለሕፃን ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም» የሚለውን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እርሱም የቀድሞ ምክር ነው። አሁን ከ6 ወር በኋላ በደንብ የበሰለ እንቁላል እንዲሰጥ ይመከራል። «እንቁላል የበላ ልጅ አፉን አይፈታም» የሚባለው ግን መሠረት የለውም።

አሠራሩ

አንድ መካከለኛ በደንብ የበሰለ ሙዝ፣ አንድ እንቁላል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። ሙዙ ልጣጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ማውጣት የጀመረ ቢሆን ጥሩ ነው። ለገበያ የማይፈለገው፣ በቅናሽ የሚሸጠው ማለት ነው። ከአርባ ምንጭ የሚመጣው ትልቅ ሙዝ ከሆነ ግማሹ ሊበቃ ይችላል።

ዱቄቱ የስንዴ፣ የአጃ ወይም የጤፍ ይሆናል። የስንዴው ይለሰልሳል፤ የአጃውም እንዲሁ። እኔ ግን ጤፍን የምመርጠው በብረት ማዕድን ከታወቁት እህሎች አንዱ ስለሆነ ነው። በእህል ውስጥ ያለው ብረት በሰውነት በቀላሉ አይወሰድም፤ ሆኖም ሊጡ ሲቦካ አወሳሰዱ ይሻሻላል። ስለዚህ ለእንጀራ ያቦካችሁት የጤፍ ሊጥ ቤት ውስጥ ካለ፣ ከዱቄቱ ፈንታ 3 ማንኪያ ከእርሱ ወስዳችሁ ከሙዙና ከእንቁላሉ ጋር ደባልቁት። የሊጡን ኮምጣጣነት ሙዙ ያለዝበዋል። ሊጡ ከቀጠነ ጥቂት ዱቄት ጨምሩበት። ብርቱካን፣ ፓፓያ ወይም ማንጎ አብሮ ቢቀርብ ደግሞ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ሻይ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ለሕፃን ሻይ አይሰጥም፣ በወተት የተቀየጠም ቢሆን።

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሙዙን በሹካ አድቅቁት፤ ጉብታ አይቅርበት። እንቁላሉን ለብቻው ምቱና ጨምሩበት፣ ቀጥሎም ዱቄቱን። ሊጡ ከማንኪያ በዝግታ የሚወርድ ይሁን። ከጠጠረ የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ ወይም የታለበ የጡት ወተት አንድ ሁለት ማንኪያ ጨምሩ። ዱቄቱ እንዲርስ 10 ደቂቃ ያህል ተሸፍኖ ይቆይ፤ ጤፍ ከሆነ ትንሽ ቢረዝም ይሻላል።

መጥበሻውን በለዘበ እሳት አሙቁና ዘይቱን በስሱ ቀቡት። ከሰል ከሆነ አመዱን አልብሱት፤ ሙዝ ስኳር ስላለው ቶሎ ያርራል፣ ከላይ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ሊጡን በሾርባ ማንኪያ እየጨለፋችሁ የመዳፍ ስፋት እንኳ የማይሞሉ ትናንሽ ክቦች አድርጋችሁ አፍስሱና ክደኑት። ልክ እንደ እንጀራ ዓይን ማውጣት ሲጀምርና ጠርዙ ሲደርቅ ገልብጡት። አንዱን ለሁለት ቆርሳችሁ ውስጡን እዩ፤ እርጥብ እንቁላል ከታየ መልሱት። ከዚህ መጠን ከ6 እስከ 8 ትናንሽ ቂጣዎች ይወጣሉ። በድምሩ ከ250 እስከ 300 ካሎሪ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ለአንድ ሕፃን የአንድ ጊዜ ምግብ አይደለም። የተረፈውን ታላላቆቹ አያሳድሩትም።

ጨው፣ ስኳርና ቤኪንግ ፓውደር አይጨመሩበትም። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ልጅ ጭራሽ ክልክል ነው፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተሕዋስ በሕፃን አንጀት ውስጥ ተባዝቶ ሰውነትን የሚያዝል መርዝ ያመነጫል።

ማንጎና ፓፓያ ውኃ ስለሚበዛባቸው አንድ ማንኪያ ዱቄት ይጨመራል። ሁለቱም ለዓይንና በሽታን ለመከላከል የሚጠቅመው ቫይታሚን ኤ አላቸው፤ ይህ ቫይታሚን ወደ ሰውነት የሚገባው ከቅባት ጋር ስለሆነ ዘይቷን «ለጤና» ብላችሁ አታስቀሯት። የጨንቻ ፖም ካገኛችሁ ልጣችሁ ቀቅላችሁ አድቅቁት፤ ጥሬ የፖም ቁራጭ ለሕፃን አደገኛ ነው። ዘይቱን ፍሬው እንዲቀር በወንፊት ይጠለላል። ተምር ያለበት ቤት ፍሬውን አውጥቶ፣ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎና አድቅቆ መቀላቀል ይችላል፤ ቁራጩ ግን ስለሚጣበቅ እንዳለ አይሰጥም።

አመጋገቡ

በ6ኛውና በ7ኛው ወር ቂጣው ተፈርፍሮ በጡት ወተት ርሶ እንደ ፍትፍት በማንኪያ ይሰጣል። ሁለትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ለመጀመሪያ በቂ ነው፤ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ቀስ በቀስ እስከ ግማሽ ኩባያ። ወደ 8ኛው ወር ገደማ አብዛኞቹ ሕፃናት በእጃቸው ይዘው መብላት ይችላሉ። ያን ጊዜ ቂጣውን የእናት ጣት በሚያህል ቁመት ቁረጡለት። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ሲጫን የሚደቅ ከሆነ ለድዱም አይከብደውም።

ሕፃኑ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይብላ። ተኝቶ፣ እየዳኸ ወይም ብቻውን ሆኖ አይበላም። መጀመሪያ ላይ ሲያቅለሸልሸውና በምላሱ ሲገፋ ብታዩት አትደንግጡ፤ እየተማረ ነው። ድምፁ ቢጠፋ፣ ማልቀስም ማሳልም ቢያቅተው ግን ታንቋል። ወዲያው በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ፣ ራሱን ወደ ታች ዝቅ አድርጋችሁ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችሁ 5 ጊዜ ምቱ። ካልወጣ በጀርባው ገልብጣችሁ በደረቱ መካከል፣ ከጡቶቹ መስመር ዝቅ ብሎ፣ በሁለት ጣት 5 ጊዜ ተጫኑ። እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ቀጥሉና እርዳታ አስጠሩ። የማይታይ ነገር ፍለጋ ጣት ጉሮሮው ውስጥ አይግባ።

መጋት የሚባለውን ነገር በዚሁ አጋጣሚ ላንሳ። አፍንጫ ይዞ፣ እጅ አስሮ ምግብ መጋት ዛሬም በአንዳንድ ቤት አለ። ሕፃኑ በዚያ መንገድ የሚማረው ምግብን መፍራት ነው፤ ምግቡም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ፊቱን ካዞረ ጠግቧል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ይሞከራል። አዲስ ጣዕም ለመልመድ ብዙ ቀን የሚፈጅ ልጅ አለ።

ቂጣው በሞቃት ቤት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ሕፃኑ አፉ ያደረሰውን ትራፊ ለቀጣዩ ጊዜ አታስቀምጡ። ተቅማጥ ቢይዘው ጡቱም ምግቡም አይቋረጥም፤ ኦ.አር.ኤስ. እየሰጣችሁ ለዚንክ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ።

ቂጣው ስለተወደደ ብቻ በየቀኑ ሦስቴ ቂጣ አይሁን። ባለሙያዎች የሕፃናትን ምግብ በ8 ምድብ ይከፍሉታል፤ አንድ ልጅ በቀን ቢያንስ ከ5ቱ ማግኘት አለበት። የእናት ጡት አንዱ ነው። እህል፣ እንቁላልና ሙዝ ሲጨመሩ 4 ይሆናሉ። ምሳ ላይ ምስር፣ ዱባ፣ ካሮት ወይም ደቆ የበሰለ ጉበት ሲገባ 5ኛው ተሟላ ማለት ነው። ጣፋጭ ብቻ የለመደ ልጅ ኋላ ጎመን አይቀበልም።

በጾም ወራት

ይህን የማነሣው በሥራዬ ደጋግሜ ስለማየው ነው። ሕፃናት እንደማይጾሙ ሁሉም ያውቃል። ይሁን እንጂ ጾም ሲገባ እንቁላልና ወተት ከቤት ይጠፋሉ፤ ምክንያቱም እናት የጾም ወጥ የምትሠራበትን ዕቃ እንቁላል እንዲነካባት አትፈልግም። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ለ7 ወር ልጅ 55 ቀን ከዕድሜው ሩብ በላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንዲት ትንሽ መጥበሻ፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ «የልጅ ዕቃ» ተብለው ለብቻ ይቀመጡ፣ ለብቻ ይታጠቡ። ጥርጣሬ ካላችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። በረመዳንም ሕፃን ጾም አይመለከተውም፤ ነገር ግን ማድ ቤቱ ቀን ስለሚዘጋ የሕፃኑ ምሳ ይዘነጋል። ጠዋት አስባችሁ መድቡለት።

ወደ አባወራው ልመለስ። በብዙ ቤት አንድ እንቁላል ካለ ለአባት ይቀርባል። አባት ሆይ፣ ያቺን እንቁላል ወደ ልጅዎ ማስተላለፍ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ሚስትዎ ብታደርገው ይሉኝታ ይይዛታል። ከሥራ ሲመለሱ ሦስት ሙዝ መያዝና እሑድ ጠዋት ልጁን ማብላትም ከአባትነት የሚያጎድል አይደለም።

ምግብ ሲጀመር የሚያበቃው መከላከያ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ጡት ማጥባት እርግዝናን ይከላከላል፤ ይህ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በጣልያን አገር ቤላጂዮ በተባለ ሥፍራ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ከ98 በመቶ በላይ አስተማማኝ መሆኑን ተስማምተውበታል። ግን በሦስት ሁኔታ ነው፦ ሕፃኑ 6 ወር ያልሞላው ከሆነ፣ ከጡት በስተቀር ሌላ የማይወስድ ከሆነ፣ የእናትየዋም የወር አበባ ካልተመለሰ። ሦስቱም አብረው መገኘት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ዘዴው አበቃ።

ልብ በሉ፤ ልጃችሁ 6 ወር ሞልቶት የመጀመሪያውን ማንኪያ በቀመሰ ቀን ከሦስቱ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ይቀራሉ። ምክንያቱም እንቁላል ከእንቁልጢ እንዳይወጣ የሚያግደው ሕፃኑ ቀንና ሌሊት ቶሎ ቶሎ መጥባቱ ነው፤ ምግብ ሲበላ የሚጠባበት ጊዜ ይቀንሳል። ከወሊድ ፈቃድ ተመልሳ ሥራ የምትውል እናት ደግሞ፣ ከ6 ወር በፊትም ቢሆን፣ በቀን ከ4 ሰዓት በላይ ሳታጠባ የምትቆይ ከሆነ በዚህ ዘዴ ባትተማመን ይሻላል።

ብዙዎችን የሚያታልለው «የወር አበባዬ ገና አልመጣም» የሚለው ነው። እንቁላል የሚወጣው ከወር አበባ በፊት ነው። በመሆኑም አንዲት እናት ከወሊድ በኋላ አንድም ጊዜ የወር አበባ ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። ሕፃኑ 7 ወር ሲሆነው ብታረግዝ፣ ታናሹ ሲወለድ ታላቁ ገና 16 ወሩ ነው፤ ቂጣውን እያኘከ፣ ጡቱን እየፈለገ፣ በቅጡ ሳይሄድ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 የሰበሰባቸው ባለሙያዎች ከአንድ ወሊድ በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ መክረዋል። ይህም በልጆቹ መካከል ወደ 3 ዓመት የሚጠጋ ልዩነት ይሰጣል።

ሳይታሰብ ያረገዘች ካለችም ጡቱን በድንጋጤ አታስጥል። «የእርጉዝ ጡት ልጁን ያሳምመዋል» የሚባለው ልማድ እንጂ እውነት አይደለም። አብዛኞቹ እናቶች ምግባቸውን ጨምረው ማጥባት ይችላሉ፤ ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ እንነጋገርበታለን።

ለምታጠባ እናት የሚስማሙ ዘዴዎች ብዙ ናቸው። በየ3 ወሩ የሚወሰደው መርፌ፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው፣ በማኅፀን የሚቀመጠው ሉፕ፣ ለአጥቢ እናቶች የተዘጋጀው እንክብልና ኮንዶም ሁሉም ከጡት ማጥባት ጋር ይሄዳሉ። ሁለት ሆርሞን ያለው የተለመደው እንክብልም ሕፃኑ 6 ወር ካለፈው በኋላ ለብዙዎች ይፈቀዳል፤ የደም ግፊት ወይም ሌላ ሕመም ካለ ግን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። የትኛው ለእናንተ እንደሚሻል በወረቀት ላይ መወሰን አይቻልም። መርፌው የወር አበባን ያዛባል፤ አንዷ ይህን ትታገሠዋለች፣ ሌላዋ አትወደውም።

የምትመጡበት ቀን ደግሞ ልጃችሁ 6 ወር ሊሞላው አንድ ሳምንት ሲቀረው ቢሆን መልካም ነው። ሁለታችሁም ኑ። የክትባቱን ካርድ ያዙ፤ ሕፃኑን እንመዝነዋለን፣ 6 ወር ሲሞላው የቫይታሚን ኤ ጠብታውን የሚወስድበትንና በ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት የሚከተብበትን ቀን እንጽፍላችኋለን። መቆያ ክፍሉ ውስጥ ስትጠብቁ ልጃችሁ ቢርበው እዚያው አጥቡት፤ ማንም የሚከለክላችሁ የለም።